የኸድራ ነጭ ጣቃ

ሰኞ፣ ኅዳር 12፣ 1987። ጠዋት።

ፍየሏ ዛሬም እንቢ አለች። ግቷን ስነካው ትራገጣለች። ጣሳውን ደፋችብኝ። ለአያቴ ግን ጸጥ ብላ ትቆምላት ነበር። ምን እያለች ታልባት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ዜማው ይመጣል፣ ቃሉ አይመጣም። በመጨረሻ በአማርኛ ለመንኳት። አልሰማችኝም።

ተኩሱ ቀንሷል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል አልፎ አልፎ ይሰማል። የሐርጌሳ ሰው በጎሳ ለሁለት ተከፍሎ መተኳኮስ ከጀመረ ሳምንት ሊሆነው ነው። ሰፈራችን ኮድቡር ጭር ብላለች። በእኛ መንገድ ጭስ የሚወጣበት ቤት የእኛና የጎረቤታችን የአርዶ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ወጥቷል።

ማስታወሻዬ፣ ሳልጽፍብህ ሰነበትኩ። አያቴ ኸድራ ዓርብ ጠዋት አረፈች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ይኸው፣ ጻፍኩት።

ጥይት አይደለም። ያ የቆየ የደረት ሕመሟ ነው። በራሷ አልጋ ላይ፣ በራሷ ጣሪያ ሥር፣ ልጇና የልጅ ልጇ ግራና ቀኝ እጇን ይዘናት። ትንፋሿ እያጠረ እያጠረ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። በዚህ ሳምንት ሐርጌሳ ውስጥ እንዲህ ለመሞት የታደለ ስንት ሰው አለ? አልሐምዱሊላህ። ይህን ስጽፍ ደግሞ እንባዬ ይመጣል። ሁለቱም እውነት ነው።

አክስቴ ሱዓድ ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፣ ሐዘኑን አድርሰናል፣ እንውጣ ትላለች። ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሚሄዱ የጭነት መኪኖች አሉ። እኔ ብዕሬን አነሳሁ። ስጽፍ ስታየኝ ምን እንደምል አትጠይቅም። ፊደሉን አታነበውም። አያቴን በሶማሊኛ አዬዮ ነበር የምላት፣ እዚህ ስጽፋት አያቴ ትሆናለች። በአማርኛ ይቀለኛል። ትምህርት የጀመርኩበት ቋንቋ ነው። መናደድም የተማርኩት በሱ ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 13።

ቀብሯን ልጻፍ። ካልጻፍኩት ይጠፋብኛል።

ዋሄን ገበያ ያለችው ሱቃችን ጨርቅ ነው የምትሸጠው። ድርዕ የምንለው የሴት ቀሚስ፣ ሻሽ፣ የመጋረጃ ጨርቅ። ከነዚያ መሃል ሁልጊዜ አንድ ነጭ ጣቃ ነበረች፤ የከፈን። አያቴ ያችን ጣቃ ሸጣ አታውቅም። ሰው የሞተበት መጥቶ ሲጠይቅ መቀስ ታነሳለች፣ ትቆርጣለች፣ አላህ ይማረው ትላለች፣ አለቀ። ጣቃዋ ስታልቅ ሌላ ታስመጣለች። ገበያተኛው ሁሉ ያውቃል። ተኩሱ ሲጀመር ከሱቁ የቻልነውን ተሸክመን ወደ ቤት ስንሮጥ ከሁሉ በፊት ያስነሳችን ያችን ጣቃ ነው።

በማግስቱ አንድ አባት መጣ። ልጁ ተመትቷል። አያቴ ያኔ መተኛት አትችልም፣ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነበር የምትተነፍሰው። መቀሱን ስጡኝ አለች። እኔ ጎንበስ ብዬ ትንሽ እናስቀር አልኳት በሹክሹክታ።

«ለማን?» አለችኝ፣ ጮክ ብላ።

መቀሱን አቀበልኳት።

«ለኔ ከሆነ አላህ አለልኝ» ብላ ቆረጠችው። ከዚያ የሰውዬውን ፊት አየት አደረገችና የቀረውን ከነጣቃው አንስታ ሰጠችው። ሌሎችም እንዳሉ ሳይነግራት አወቀች። ሰውዬው ጣቃውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ።

ዓርብ ዕለት እኛ ቤት ነጭ ጨርቅ አልነበረም። የአበባ ድርዕ ሞልቷል፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ወርቃማ። ነጭ የለም። ገበያው ዝግ ነው። ሱዓድ የአልጋ አንሶላውን ከገመድ ላይ አውርዳ ታየዋለች፣ መሃሉ ላይ የሻይ ምልክት አለው። እያጠበች ታለቅሳለች።

አርዶ የገባችው ይኼኔ ነው። አርዶ ከግንቡ ወዲያ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ናት። አንድ ልጇ ከወዲያኛው ወገን ጋር ሆኖ እየተዋጋ ነው። ሰፈሩ ይህን ያውቃል። ተኩሱ ከተጀመረ ወዲህ ሰላም የሚላት ጠፍቶ ነበር፤ ከአያቴ በቀር። በፌስታል የያዘችውን አልጋው እግር ላይ አስቀመጠች። ሱዓድ ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው። አርዶ ሐጅ ሄዳ መካ ላይ የገዛችው፣ በዘምዘም ውሃ ነክራ አድርቃ ያመጣችው ከፈን ነው። የራሷ። ለራሷ ቀን ያስቀመጠችው።

ሱዓድ አይሆንም አለች። አርዶ አልተከራከረችም።

«ለኔ ጊዜ አለኝ» አለች። «ኸድራ ግን የምትሄደው ዛሬ ነው።»

ሦስታችን አጠብናት። አርዶ ውሃውን የምታፈሰው በልክ በልክ ነው፤ የሚያማት ይመስል። ከመስጊዱ ጥቂት ሽማግሌዎች መጡ፣ ሰላቱን አደረሱ፣ ተሸክመዋት ወጡ። መንገዱ ላይ ተኩስ ስለነበር ፈጠን ፈጠን እያሉ። እኛ ሴቶቹ በር ላይ ቀረን። አርዶ እጄን ይዛኝ ነበር። እጇ ለማጠቢያው ውሃ የጨመርነውን ካፉር ይሸታል።

ከዚህ በላይ ዛሬ አልችልም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 14። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ።

ሱዓድ ተኝታለች። እኔ ሳቄ መጣ። አዎ፣ ሳቄ። የብርዱ ነገር ትዝ ብሎኝ።

አያቴ ገና በወጣትነቷ ነው ባሏ የሞተባት። ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች፤ እናቴንና ሱዓድን። የዘመድ እጅ ከማይ ብላ ንግድ ጀመረች። ከጅቡቲ ጨርቅ ገዝቶ በባቡር ድሬዳዋ (ድ.ዳ.) ማስገባት። ኮንትሮባንድ። ቃሉን ግን አትወደውም። «እኔ ለብሼው ነው የመጣሁት» ትላለች። ደግሞ እውነቷን ነው። ድርዕ በድርዕ ላይ ደራርባ፣ በዚያ ላይ ሻሽ ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ እንደ በርሜል ሆና ከባቡር ትወርዳለች። ስትሄድ ቀጭን፣ ስትመለስ ወፍራም።

አንድ ቀን ድ.ዳ. ጣቢያ አዲስ ሴት ፈታሽ ተመድበው ኖሯል። ወ/ሮ አሰለፈች። አያቴን ለብቻ ክፍል አስገብተው አንዱን ቀሚስ ቢያስወልቋት ከሥሩ ሌላ። ያንን ቢያስወልቋት ሌላ። የድሬዳዋ ሙቀት ይታወቃል፤ ላቧ ተረከዟ ላይ ይንጠባጠባል። ይህን ሁሉ ለምን ለበስሽ ብለው ጠየቋት። ያኔ የምታውቃት አማርኛ ጥቂት ናት።

«ብርድ ነው» አለች።

የወ/ሮ አሰለፈች ሳቅ ፈነዳ። ግድግዳ ተደግፈው፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። አያቴም ምን እንደሚያስቅ ሳይገባት አብራቸው ሳቀች። ጨርቁን ወረሱባት፣ ሥራቸው ነው። ከሥር ያሉትን ግን ተዉላት። ብርዱ እንዳይጠናብሽ ብለው።

ወዳጅነታቸው በዚህ ተጀመረ። ፈታሽና ተፈታሽ። ቀን ጣቢያው ላይ ይወርሱባታል፣ ሲመሻሽ ቤቷ መጥተው ሻይ ይጠጣሉ። አንዳቸውም በዚህ አፍረው አያውቁም። አማርኛ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አያቴ ሰውን ሁሉ «አንተ» ነበር የምትል፣ የጉምሩክ ኃላፊውን ጭምር። ሶማሊኛ አንቱ የለውም። ወ/ሮ አሰለፈች ደንግጠው ትልቅ ሰው እርስዎ ነው የሚባለው ብለው ገሠጿት። ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይቀየማት ለሁሉም እርስዎ ሆነች። ለኔ። ለዳቦ ሻጩ ልጅ። «እርስዎ አህያ፣ ዞር ይበሉ!» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷታል።

እናቴ እኔን ወልዳ አልተነሳችም። አባቴ መርከበኛ ነበር፤ ባሕር ሄዶ በዚያው ቀረ። ስለዚህ እኔ እናት ያልኩት፣ አባት ያልኩት አያቴን ነው። ለትምህርት ስደርስ ቁርኣን ቤት ይበቃታል አለች። ወ/ሮ አሰለፈች እጄን ይዘው ሄደው ት/ቤት አስመዘገቡኝ። አያቴ አኮረፈቻቸው፣ ሻይ ከለከለቻቸው። ግን ፊደል ስቆጥር አጠገቤ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ቆይቼ ሳያት ጨርቅ እያጣጠፈች ሀ ሁ ሂ ትላለች፣ በዜማ። ፊደሉን ለይታ አታውቀውም፤ ድምፁን ብቻ ወዳው። በሚቀጥለው ቀን ሻዩ ተፈቀደ።

ማስታወሻዬ፣ አንተን የሰጡኝ እነዚያ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ጨርቅ ደብቃ፣ አንዷ ጨርቅ ወርሳ።

ሱዓድ ነቃች። ምን ያስቅሻል አለችኝ። ነገርኳት። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች።


ሐሙስ፣ ኅዳር 15።

አርዶ ውሃ ልትቀዳ መጣች። ፍየሏ ስታስቸግረኝ አይታ ጀሪካኗን አስቀምጣ ቁጭ አለች። ግንባሯን ከፍየሏ ጎን አስደግፋ አንጎራጎረች። ፍየሏ ቆመች። ያው የአያቴ ዜማ ነው! ለካ ያስተማረቻት አርዶ ናት። ትንሽ ቀናሁ። ወተቱን ስጠጣ ቅናቱ ለቀቀኝ።

አርዶ ውሃ የምትቀዳው ከእኛ ቢርካ ነው። ግቢያችን ውስጥ ከመሬት ሥር የተሠራች የሲሚንቶ ጉድጓድ ናት፣ የዝናብ ውሃ ታጠራቅማለች። የውሃ ቦቴ መምጣት ካቆመ ወዲህ በመንገዳችን ሌላ ውሃ የለም። ሸሽተው የሚያልፉ ሰዎችም እየገቡ ይጠጣሉ። የቢርካዋ ነገር ረጅም ነው። ልጻፈው።

በ1980 ሐርጌሳ በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላን ስትደበደብ እኔና አያቴ ድ.ዳ. ነበርን። ሱዓድ ግን እዚህ፣ በዚህ ቤት፣ ከባሏ ጋር። በራዲዮ ነው የሰማነው። ሰዉ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ሐርትሼክ ሜዳ ላይ ሰፈረ ተባለ። አያቴ ሱቋን ዘጋች፣ እኔን ከት/ቤት አስወጣች፣ በጅጅጋ አድርገን በጭነት መኪና ሄድን።

ዛፍ የለም። ጥላ የለም። በእንጨትና በጨርቅ የተሠራ ጎጆ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ። ሱዓድን ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል እንዴት እናገኛታለን? ሌሎቹ ዘመድ ፈላጊዎች ከጎጆ ጎጆ እየዞሩ ስም ይጣራሉ። እኔም እንዙር አልኳት። አያቴ ቦቴው ውሃ የሚያራግፍበት ቦታ ሄዳ ሻሿን አንጥፋ ቁጭ አለች።

«ሁሉም ሰው እዚህ ይመጣል» አለችኝ። «እኛ ከዞርን ግን እንተላለፋለን።»

በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ። ፀሐዩ! ተበሳጨሁባት፣ አለቀስኩባት። እሷ የሰልፉን ፊት አንድ በአንድ ታያለች። እየቆየች ሰዎቹን በስም ማወቅ ጀመረች። ጠብ ታበርዳለች። ነፍሰ ጡር ስትመጣ ከፊት ታስገባለች። ቦቴ ነጂው ሳይቀር እሷን ሳያማክር ቧንቧውን አይከፍትም ነበር።

አንድ ጠዋት ሱዓድ መጣች። እኔ አላወቅኳትም። ከሰውነት ወጥታለች፣ እግሯ ላይ የማይመሳሰሉ ጫማዎች። ጀሪካን እየጎተተች በፊታችን አለፈች፣ እሷም አላየችንም። አያቴ አልጮኸችም። ተነሳች፣ ከኋላዋ ሄዳ ጀሪካኑን ከእጇ ወሰደችና ሰልፍ ላይ ቆመችላት። ሱዓድ ሌባ መስሏት ልትጮህ ዞረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ባሏ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ያንን የነገረችን ማታ ነው።

ጦርነቱ አልቆ ከሱዓድ ጋር ለመኖር ወደዚህ ቤት ስንመጣ ጣሪያው ተነቅሎ ተወስዷል፣ በሩም፣ መስኮቱም። ፈንጂ የሚያነሱት ሰዎች ግቢውን አጣርተው ግቡ ሲሉን አያቴ መጀመሪያ የጠራችው ቆርቆሮ ሠሪ አይደለም፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ሱዓድ ተቆጣች። ሰው ያለ ጣሪያ ቢርካ ምን ያደርግለታል? ተጨቃጨቁ።

«ጣሪያ የሌለው ሰማይ ያያል» አለች አያቴ። «ውሃ የሌለው ግን የሰው ፊት ያያል።»

ያን ክረምት ፕላስቲክ ወጥረን ከሥሩ አደርን። ሱዓድ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 17።

ጽሑፌ ዛሬ አያምርም።

ጠዋት ሁለት ታጣቂዎች በሩን አንኳኩ። የእኛ ወገን ልጆች ናቸው። አንደኛው ረጅም፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ ያሰረ። ፊቱን ዋሄን አውቀዋለሁ፣ ስሙን አላውቅም። ውሃ ጠየቁ። ሰጠኋቸው። ጠጡ። ከዚያ ረጅሙ ጣሳውን እንደያዘ ከግንቡ ወዲያ ላለችው ሴትዮ ውሃ ትሰጣላችሁ አሉ፣ እውነት ነው? አለኝ።

ጎረቤታችን ናት አልኩ።

ልጇ እኛ ላይ እየተኮሰ ነው አለ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳትገባ። ከገባች ቢርካው ውስጥ ጋዝ እንጨምርበታለን፣ ከዚያ ማንም አይጠጣውም።

እውነቱን ልጻፍ፣ እሺ ልል ነበር መሰለኝ። ይኼኔ ሱዓድ ከውስጥ ወጣች። ከንጋት ጀምሮ ዕቃ ስትጠቀልል፣ ይህን ቤትና ይህን ከተማ ስትራገም የነበረችው ሱዓድ። ልጁ ፊት መጥታ ቆመች። ደረቱ ድረስ ነው የምትደርሰው።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

መልሱን አልጠበቀችም።

«ይህን ውሃ ያስቆፈረችው እናቴ ናት። ሰሞኑን ቀበርናት። በምን እንደቀበርናት ታውቃለህ? የእሷን ነጭ ጣቃ ለናንተ ጓደኞች ሰጥታ ጨርሳው፣ በዚያች ሴት ከፈን ነው የቀበርናት። መካ ድረስ ሄዳ ለራሷ ባመጣችው። አሁን አንተ የያዝከው ጣሳ የአርዶ መጠጫ ነው። ጋዝ የምትጨምር ከሆነ ጨምር፣ ቢርካው ያውልህ። ነገ ሲጠማህ ግን በየት በኩል እንደምትመጣ አስብበት።»

ልጁ ጣሳውን አየው። ቀስ ብሎ ግንቡ ላይ አስቀመጠው። ጓደኛው የሆነ ነገር ሊናገር ነበር፣ እጁን ይዞት ወጡ።

በሩን ዘጋሁ። ሱዓድ ቢርካው ክዳን ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሳግ ይዟት ስታለቅስ ያየኋት አሁን ነው። ቅድም ለልጁ የተናገረችበት ድምፅ የአያቴ ነበር። ቃሉም፣ አቋቋሙም። ዕድሜ ልካቸውን በአንዲት ነገር ሳይስማሙ ኖረው! ይህንን ነገርኳት። አፍንጫዋን እየጠረገች፣ ስለ ጣሪያው እውነቷን ነበር አለች። አያቴ ይህን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ለሳምንት ታወራው ነበር።


እሑድ፣ ኅዳር 18። ከሰዓት።

ከባድ መሣሪያ የአርዶን ኩሽና መታው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ፈረሰ። እሷ ግን እዚህ ነበረች፣ ፍየሏን እያለበችልኝ። በየጠዋቱ በዚያ ሰዓት እሳት የምታነደው እዚያ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ምስጋና ለፍየሏም።

ከእንግዲህ መቆየት የለም። ሱዓድ የምታውቀው ሾፌር ማክሰኞ ጠዋት ወደ ድንበር ይወጣል። ሦስታችን እንሂድ አልናት። አርዶ እንቢ አለች። ከሰፈሩ መውጫ ላይ የእኛ ወገን ልጆች ገመድ ዘርግተው ኬላ አላቸው፣ ሰዉን ሁሉ የማን ነህ ብለው ይጠይቃሉ። የእሷ ነገር እዚያ ያልቃል። ደግሞ ልጇ ሲመጣ ቤት ባዶ ሊያገኝ ነው። ሱዓድ ለመነች፣ ተቆጣች። አርዶ ፍርስራሿን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች።

«እኔ እዚሁ ልሙት፣ ተዉኝ» አለች።

ከአፌ ያመለጠኝን አልመለስኩትም። «እንዴት ትሞቻለሽ? ከፈን እንኳ የለሽም!» አልኳት።

ሱዓድ አፏን ያዘች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አርዶ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። ጥርስ በሌለው አፏ፣ እስኪያስላት ድረስ።

«እውነትሽን ነው» አለች። «ለጊዜው መሞት አልችልም።»

ትሄዳለች።


ሰኞ፣ ኅዳር 19።

ቀኑን ሙሉ ትምህርት። ኬላው ላይ አርዶ የሱዓድ እናት ናት፣ የኔ አያት ናት። የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም ይጠይቃሉና የአያቴን የዘር ሐረግ አስጠናናት። ወደ ላይ ስትወጣ የራሷ አያቶች እየገቡባት ታደባልቀዋለች። ሱዓድ ትቆጣታለች። አርዶ ትስቃለች። ትንሽ ከፍ ካልን እኮ አንድ አባት ላይ እንገናኛለን፣ እዚያ ድረስ ብቻ ልቆጠር ትላለች።

መቃብሩ ጋ መሄድ አይቻልም፣ በዚያ በኩል ይተኮሳል። ግቢ ሆኜ ከቁርኣን ፋቲሐ ቀራሁላት። ሌላ ምን ልላት? ይቅርታ የምጠይቃት ብዙ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን ያለኝ ምስጋና ነው። በላቧ ስላሳደገችኝ። አኩርፋም ቢሆን ት/ቤት ስለተወችኝ። በዚያ ፀሐይ ስላስቀመጠችኝ፣ አሁን መጠበቅ እችላለሁ። እና ቁጣዋ። እና እርስዎ። ድ.ዳ. ያለው ቤታችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ስታሻሽ የምታሰማው ያ ትንፋሽ። ያንን ማን ያስታውሰዋል ከኔ ሌላ?

የግቢውን በር አንቆልፈውም። ሱዓድ ናት ያለችው። ገመዱንና ጣሳውን ቢርካው አፍ ላይ ትተን እንሄዳለን። የሚያልፍ ይጠጣ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 20። መንገድ ላይ።

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። መኪናው ጎማ ሊቀይር ቆሟል። ግራር ሥር ተቀምጠናል፣ ፍየሏም አለች። ከተማዋ ከኋላችን ናት፣ ጭሱ ይታያል።

ኬላው። ልጻፈው።

ከጭነቱ ላይ ተጨናንቀን ነበር፣ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ፍራሽ። አርዶ በእኔና በሱዓድ መሃል። ገመዱ ጋ ስንደርስ መኪናውን ያስቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ረጅሙ ልጅ፣ ባለ ቀይ ሻሹ። አርዶን ያውቃታል። አያቴ መሞቷን ያውቃል፣ ሱዓድ ራሷ ነግራዋለች። ያጠናነው ሁሉ ከንቱ ሆነ። የሱዓድ ጣቶች ክንዴ ውስጥ ገቡ።

ወደ ጭነቱ ጎማ ረግጦ ወጣ። ሱዓድን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ አርዶን። እሷ ዓይኗን ጭኗ ላይ ተክላለች።

«ይቺ ማን ናት?» አለ። የጠየቀው እኔን ነው።

«አያቴ ናት» አልኩት።

ፍየሏ ጮኸች። ውሸቴን እንደሚያውቅ አውቃለሁ። እንደማውቅም ያውቃል።

«አያትሽ ናት?» አለ እንደገና፣ ቀስ ብሎ።

«ናት።»

«ናት» አለች ሱዓድም። ከኋላችን የማናውቃት አንዲት ሴት ሕፃኗን እያባበለች፣ ናት አሉህ እኮ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አታቁመን አለች።

ልጁ ወረደ። ገመዱን መሬት ላይ ጣለው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ፊቱን ወደ አርዶ ሳያዞር፣ በሰላም ግቢ አዬዮ አለ። ለምን እንዳደረገው አላውቅም። አልጠይቅም። አላህ ለእናቱ በሰላም ይመልሰው። ይህን ዱዓ ለአንድ ታጣቂ አደርጋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አርዶ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው የተነፈሰችው። አሁን አጠገቤ ናት፣ ወተቱን በጣሳ ክዳን እየከፈለች ለሰዎቹ ሕፃናት ታጠጣለች። ብዕሬን ታያለች። ቅድም ጀምሮ የምትጽፊው ምንድነው አለችኝ። ስለ አያቴ ነው አልኳት።

ክዳኑን ጠረገች፣ ሳቋን እየያዘች።

«ስለ የትኛዋ?» አለች።